የጎረቤት ፀሐይ

ቤትህ የት ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ከጠፋ እኔው ፈልጌ እነግረው ነበር። «ከአስፋልቱ ዳር፣ ከአደባባዩ ዝቅ ብሎ ያለው ባለ ሁለት ፎቅ» እላለሁ፤ «ባለ ሁለት» የምትለዋን ጠበቅ አድርጌ። አሁን ግን ሰው ሲጠይቀኝ «እዚያ ታች ነው» ብዬ በእጄ አሳይና ወሬ እቀይራለሁ። ከዚያ ወደዚህ እንዴት እንደ ደረስሁ ላውጋችሁ። ለሰፈሬ ሰው እንዳልነግረው ሁሉም ያውቀዋል፤ እናንተ ደግሞ ብትስቁብኝም አላያችሁም።

ሰፈራችን ከደባርቅ መሀል ከተማ ጥቂት እርምጃ ርቆ ከመናኸሪያው ጀርባ የተወሸቀ ነበር። በክረምት ጭቃው አንድ እግር ጫማ ሳያስቀር ሰው አያሳልፍም። ከዚያ እድሳቱ መጣ። የእግረኛ መንገዱ ንጣፍ ለበሰ፣ መብራት ተተከለ፣ የብስክሌት መንገድ ተሰመረ፣ የደባርቅን ብርድ ማንም ያልነገራቸው ዘንባባዎች በየአሥር እርምጃው ቆመው መንቀጥቀጥ ጀመሩ። እኔም አብሬ ታደስሁ። ፎቶ ኮፒ ቤቴን «የጽሕፈት አገልግሎት ማዕከል» አልሁት፤ ሲያስነጥሰኝ መሀረብ ማውጣት ሁሉ ለመድሁ።

ታዲያ ከአስፋልቱ ፊት ለፊት ያለ ሁሉ ቢያንስ አንድ ፎቅ ይሥራ ተባለ። ልብ በሉ፤ አንድ ነው የተባለው። በአንዱ ቆሜ ቢሆን ኖሮ ይህን ወግ ባልጻፍሁት ነበር። እኔ ግን ሁለት አደረግሁት። ለምን ብትሉኝ፣ ከላይ ያለውን ክፍል ለቱሪስት አከራያለሁ ብዬ ነው። ማስታወቂያውን እንኳ ፎቁ ሳይጀመር አትሜ ጨርሻለሁ፤ «ራስ ዳሸንን ከአልጋዎ ሳይነሡ ይመልከቱ» ይላል።

«ራስ ዳሸን ከዚህ አይታይም» አለችኝ ባለቤቴ ሙሉነሽ።

«ሌላ ተራራ ይታያል። ፈረንጅ በምን ያውቃል?»

«ፈረንጅ ካርታ ይዞ ነው የሚመጣው። ካርታ የሌለህ አንተ ነህ።»

መሠረቱን የባረኩልኝ የኔታ ጥበቡ ናቸው። የኔታ ከቤቴ ጀርባ በሰሜን በኩል ባለች ግቢ ብቻቸውን የሚኖሩ መሪጌታ ናቸው። ልጅ ሆኜ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ጆሮዬን የቆነጠጡበት ቦታ አሁንም ሲበርድ ይታወቀኛል። የየኔታ ግቢ ውስጥ ወደ ደቡብ የዞረች፣ በጭቃ የተለሰነች አንዲት ግድግዳ አለች። የደባርቅን ብርድ የማታውቁ ካላችሁ ስለዚህች ግድግዳ መንገር ይኖርብኛል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሣሩ ላይ አመዳይ ያድራል። ሽማግሌ ሰው ሲነጋ ቤቱ ውስጥ አይሞቀውም፤ ፀሐይ መሞቅ አለበት። እዚያች ግድግዳ ሥር ሦስት ድንጋዮች አሉ። አንዱ የየኔታ ነው፤ ሁለተኛው ከጎረቤት የሚመጡት የእማሆይ ወለተ ማርያም ነው፤ ሦስተኛው ቱሪስት በበቅሎ ሲያመላልስ ኖሮ ጉልበቱ ያለቀው የአያ ፈንቴ ነው። ከቅዳሴ መልስ ሦስቱም ጋቢያቸውን ተከናንበው ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ይቀመጣሉ። የሰፈሩ እርቅ፣ ወሬ፣ ምክር ሁሉ የሚያልቀው እዚያ ነበር።

ግቢዋ ሌላም አገልግሎት አላት። የኔታ የጾም ሰዓት የሚያውቁት በጥላቸው ነው። ሜዳው መሀል ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ የጥላቸው አናት የወደቀበት ላይ ምልክት ያደርጋሉ፤ ከዚያ ተረከዝ ከጣት እያገጣጠሙ በጫማቸው ይሰፍሩታል። «ስንት ጫማ ሆነ የኔታ?» ይላል በአጥር በኩል የሚያልፍ ሁሉ። ሁሉም ኪሱ ውስጥ ስልክ አለው፤ ቢሆንም አሮጊቶቹ የኔታ ሳይሉ እህል አይቀምሱም።

የሁለተኛው ፎቅ ወለል፣ ሶሌታው፣ ሊሞላ ሲል ወሩ ሐምሌ ነበር። የኔታ በዝናቡ መሀል ዣንጥላ ይዘው መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ይኸ ገና ይጨመርበታል?»

«አዎ የኔታ፤ አንድ ፎቅ ብቻ።»

ወደ ሰማይ አዩ። ሰማዩ ደመና ብቻ ነው። ከግንቡ ሥር ጀምረው ወደ ግቢያቸው አቅጣጫ በጫማቸው እየሰፈሩ ትንሽ ሄዱና ቆሙ። «በኅዳር እንግዲህ...» አሉ።

«አያስቡ የኔታ፤ ከኅዳር በፊት ያልቃል!» አልኋቸው በደስታ። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ፣ ፀሐይ በክረምት ወደ ሰሜን በበጋ ወደ ደቡብ እንደምትሄድ እኔ ከመወለዴ በፊት የሚያውቁ ሰው ናቸው። ሊነግሩኝ ነበር የመጡት። እኔ ግን የግንባታ መርሐ ግብሬን አስረዳኋቸው። ባርከውኝ ሄዱ።

ኅዳር መጣ። አንድ ጠዋት ሻዬን ይዤ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣሁ። ፀሐዩ ፊቴ ላይ ነው፤ አስፋልቱ ከታች ያብረቀርቃል፤ ከተማው ሁሉ የእኔ መሰለኝ። ዞር ብዬ ወደ ጓሮ ባይ የኔታ፣ እማሆይና አያ ፈንቴ ድንጋዮቻቸው ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን አቅንተው ወደ እኔ ያያሉ። የአክብሮት ሰላምታ መሰለኝና እጄን አውለበለብሁላቸው። ማንም አልመለሰም። ቆይቼ ሳስተውል ግቢዋ ጥቁር ናት። ሣሩ ላይ አመዳዩ እንዳለ አለ። እነሱ እኔን አይደለም የሚያዩት፤ ፀሐይ ከፎቄ ጀርባ እስክትወጣላቸው እየጠበቁ ነው።

«አንተ ሰውዬ» አለች ሙሉነሽ ከኋላዬ መጥታ፣ «የየኔታን ፀሐይ እኮ ወሰድህባቸው።»

ግንባታውን የመራው ፎርማን ተጠርቶ መጣ። አንዱ ፎቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ረፋዱ ላይ ግድግዳዋ ፀሐይ ታገኝ ነበር አለኝ። በሁለተኛው ግን የቀትር ቅንጣቢ ካልሆነ በቀር እስከ የካቲት የሚደርሳት የለም። ማለት የወሰድሁት በራስ ዳሸን ሰበብ ነው፤ ያውም በማይታየው።

የኔታ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር። ጠዋት ሳልፍ «እንዴት አደርህ ልጄ? ፎቁስ ደኅና አደረ?» ይሉኛል። የምራቸውን ነው፤ የባረኩት ቤት ነውና ደኅንነቱን ይጠይቃሉ።

መፍትሔ ፍለጋ ጀመርሁ። መጀመሪያ ሦስቱንም አደባባዩ ላይ ወዳለው አዲስ አግዳሚ ወንበር ወሰድኋቸው። ፀሐዩ ሞልቷል። ወንበሩ ግን ብረት ነው፤ ሌሊቱን ውርጭ ሲጠጣ ያደረ ብረት። እማሆይ ቁጭ ከማለታቸው «በስመ አብ!» ብለው ተነሡ። አያ ፈንቴ በቅሎው ላይ ይጭነው የነበረውን ዓይነት ኮርቻ ካልመጣ አልቀመጥም አለ። የኔታ ታግሠው ተቀመጡ፤ ዳዊታቸውንም ገለጡ። ወዲያው ሁለት ቱሪስቶች መጥተው ግራና ቀኝ ተቀምጠው አብረዋቸው ፎቶ ተነሡ። ከዚያ ሌሎች ተሰለፉ። የኔታ አንድ መዝሙር ሳይጨርሱ ስምንት ጊዜ ፎቶ ተነሥተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ሁለተኛው ሐሳቤ መስታወት ነበር። እንዳትስቁ። ፀሐይ ወደ ግቢዋ ካልሄደች እልካታለሁ አልሁ። የሙሉነሽን የቁም ሳጥን ትልቅ መስታወት፣ እሷ ገበያ በሄደችበት፣ ነቅዬ ሁለት አጠና ቀጥዬ ከግቢዋ ምዕራባዊ ጥግ፣ ፀሐይ ከሚያገኝበት፣ ከፍ አድርጌ ሰቀልሁት። ሠራ! ግድግዳዋ ላይ የአልጋ ልብስ የምታህል ብርሃን ወደቀች። ሦስቱ ሽማግሌዎች እያመሰገኑ ተጠጉ። ችግሩ ፀሐይ አትቆምም፤ ብርሃኗም አትቆምም። በየጥቂት ደቂቃው ትሸሻለች። እማሆይ ድንጋያቸውን እየገፉ ይከተሏታል፤ አያ ፈንቴ ከእማሆይ ኋላ፤ የኔታ ከአያ ፈንቴ ኋላ። ረፋዱ ላይ ግድግዳው አልቆ ሦስቱም በተርታ ዶሮ ቤቱ ዘንድ ደርሰው ነበር።

በሦስተኛው ቀን የስሜን ነፋስ ተነሣ። መስታወቱ ሲወዛወዝ ብርሃኗ ከግቢው ዘልላ በጎን ባለው መንገድ የሚመጣ የባጃጅ ሹፌር ዓይን ውስጥ ገባች። ባጃጇ አዲሱን የአበባ መደብ ዘልቃ አንድ ዘንባባ ተደግፋ ቆመች። ሰውየው ምንም አልሆነም፤ ዘንባባውም ከብርዱ የተነሣ ቀድሞም ደኅና አልነበረም። መስታወቱ ግን በዚያው ነፋስ ወድቆ እንክትክት አለ። ሹፌሩ «ማን ነው ፀሐይ የወረወረብኝ?» እያለ ሲጮህ እኔ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ኋላ አጎንብሼ ወረቀት የምፈልግ መሰልሁ። ሙሉነሽ ለሁለት ሳምንት ነጠላዋን ስትለብስ እኔን እንደ መስታወት ፊቷ አቆመችኝ፤ «ቀጥ በል፣ ተዛብቷል ወይስ አልተዛባም?» ትለኛለች።

ሦስተኛው፣ ፀሐዩ ካልወረደ ሰዎቹ ይውጡ አልሁ። እማሆይና አያ ፈንቴ ደረጃውን አይተው ሳቁብኝ። የኔታን ግን ለምኜ፣ ሁለት የቀን ሠራተኞች ጠርቼ፣ ወንበር ላይ አስቀምጠን ተሸክመናቸው ወጣን። በየደረጃው ማጠፊያ «እግዚኦ» ይላሉ። ላይ ስንደርስ ፀሐዩ ሞቅ አድርጎ ተቀበላቸው። ደስ አለኝ፤ ዕዳዬ የቀለለ መሰለኝ። የኔታ ቁልቁል አዩ። የሰፈሩ ጓሮ ሁሉ ወለል ብሎ ይታያል። አንዷ ጸጉሯን ትታጠባለች፤ አንዷ ልብሷን ታሰጣለች።

«ወልድየ» አሉኝ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ሰው ጓሮ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው ጸሎት የማደርሰው? አውርዱኝ።»

እንደ ወጣን ወረድን። ዓይናቸውን የገለጡት መሬት ከደረሱ በኋላ ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የሚያስቅ ነበር። የነቢያት ጾም እየገፋ ሲሄድ ግን መሳቅ ተውሁ። የየኔታን ግቢ የፎቄ ጥላ ስለዋጠው ሰዓት የሚሰፍሩበት የራሳቸውን ጥላ አጡ። ታዲያ ከቀትር በኋላ በትራቸውን ይዘው ወደ አስፋልቱ ዳር መውጣት ጀመሩ። ንጹሕና ሰው የማይበዛበት ሆኖ ያገኙት ቦታ የብስክሌት መንገዱ ነው። አንድ ቀን ምልክት አድርገው፣ አጎንብሰው፣ ተረከዝ ከጣት እያገጣጠሙ «አምስት፣ ስድስት» ሲሉ አንድ ጎልማሳ በብስክሌት ቁልቁለቱን ይዞ መጣ። ደወለ። የኔታ ቁጥራቸው እንዳይጠፋ ቀና አላሉም። ሰውየው ሊሸሻቸው ቢሞክርም የብስክሌቱ መሪ ነካቸውና ወደቁ።

ከሱቄ እየሮጥሁ ደረስሁ። ብስክሌተኛው ደንግጦ እግራቸው ሥር ተንበርክኮ ይቅርታ ይለምናል። የኔታ ንጣፉ ላይ እንደ ተቀመጡ ፊቴን አይተው «ሰባት ነበር መሰለኝ፤ እርግጠኛ አይደለሁም። ሴቶቹን ገና ነው በላቸው፣ እንዳይቀምሱ» አሉኝ። አጥንታቸው አልተሰበረም፤ ጉልበታቸው ግን አበጠ። ቤታቸው ተኝተው ብርዱ ጉልበታቸው ውስጥ ገባ። እማሆይ ደግሞ በዚያው ሰሞን ጓዛቸውን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ወዳለች ጎጆ ሄዱ፤ እዚያ ፀሐይ አለ። አያ ፈንቴ ከቤቱ መውጣት ተወ። ሦስቱ ድንጋዮች ባዶ ቀሩ።

የየኔታ ልጅ አልጋነሽ ዛሪማ ነው ያገባችው፤ ቆላ ነው። ወሬውን ሰምታ መጣች። አባቷን ልትወስድ ነው። የኔታ እዚያች ግቢ ውስጥ ነው ሚስታቸውን ቀብረው ሐዘን የተቀመጡት፤ እኔን ጨምሮ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያስተማሩት። በእኔ ምክንያት ሊለቁ ነው።

«ለሁለት ሳምንት ታገሺኝ። አፈርሰዋለሁ» አልኋት።

«ምኑን?»

«ላይኛውን ፎቅ።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ወንድሜ፣ እሱን ሳትሠራው ነበር ማሰብ» አለች እንጂ አልተቆጣችም።

በማግስቱ ጉዳዩ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድሁ። የማፍረሻ ፈቃድ ቅጹ ላይ «ምክንያት» የሚል ቦታ አለ፤ ሥሩ ስንጥቅ፣ የውኃ ሥርገት፣ የፕላን ጥሰት የሚሉ ሳጥኖች። ምኑም እኔን አይገልጽም። ከጎን «ፀሐይ» ብዬ ጻፍሁ።

ባለሙያው አነበበና መነጽሩን አወለቀ። «ፀሐይ ምን አደረገች?»

«እሷ ምንም አላደረገችም። እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርሁት። ጥሩ ሰው ነው፤ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ጠቆመ። የታደሰው ሰፈር ፎቶ በትልቁ ተሰቅሏል፤ መሀል ላይ ደግሞ የእኔ ፎቅ፣ እኔም በረንዳው ላይ ቆሜ እጄን አንሥቼ። የዚያ የኅዳር ጠዋት ሰላምታ ነው፤ ለካ በጎን ካለው መንገድ ያነሣኝ ሰው ነበር። «ለሌሎች አርአያ ተብሎ ተመርጧል እኮ» አለኝ፤ «ማመልከቻህን አሳልፋለሁ፤ ግን ኮሚቴ ያየዋል፣ ጊዜ ይወስዳል።» የአርአያነት የምስክር ወረቀቴንም እዚያው ሰጠኝ። ወረቀቱን ጠቅልዬ እንደ ሌባ በጓሮ በር ቤቴ ገባሁ።

የኔታ የሄዱት ከገና በፊት ባለው ሐሙስ ነው። መናኸሪያ ድረስ ተሸክሜያቸው ሄድሁ፤ በጀርባዬ፣ ማንንም አላስነካሁም። ቀለዋል። ሚኒባሱ ውስጥ ካስቀመጥኋቸው በኋላ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «ይፍቱኝ የኔታ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ። ቤትህን ይባርክልህ» አሉኝ። እንደገና ቤቴን! በሩ ተዘጋ፤ መኪናው ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት ሄደ። ቤት ስገባ ሙሉነሽ ምሳ አቅርባ ነበር። ሁለታችንም አልበላንም።

ላይኛው ፎቅ እስካሁን ተከራይ አላገኘም። አንድ ቱሪስት መጥቶ ካርታውን ዘርግቶ መስኮቱን አየና ካርታውን አጥፎ ሄደ። ጠዋት ጠዋት ፀሐዩ ባዶ ክፍል ውስጥ ገብቶ ወለሉ ላይ ሲተኛ አያለሁ። በጣም ይጸጽተኛል። ሌላ የሚያምር ቃል አላገኘሁለትም።

ከጥምቀት በኋላ አላስቻለኝምና ወደ ዛሪማ ወረድሁ። ሙሉ መንገዱን የምለውን ሳጠና ነበር። ኮሚቴው በቅርቡ ይሰበሰባል፤ ላይኛው ፎቅ ይፈርሳል፤ ግድግዳዋን በአዲስ ጭቃ አስለስናታለሁ፤ አያ ፈንቴም እመለሳለሁ ብሏል፤ ይመለሱልኝ እላለሁ። የሊማሊሞን መታጠፊያ በጨረስን ቁጥር አንድ ልብስ አወልቃለሁ። ዛሪማ ስደርስ በሸሚዝ ቀርቼ ላቤ ይንጠፈጠፋል። ሙቀቱ የሚቀልድ አይደለም።

የኔታን ያገኘኋቸው ከአልጋነሽ ግቢ በር ላይ ነው። አንዲት ቅጠሏ የሳሳ ግራር ሥር፣ ግንዷን ተጠግተው፣ ዳዊታቸውን በጉልበታቸው ይዘው ተቀምጠዋል። ጥላዋ ለአንድ ሰው ነው የምትበቃው፤ እሷም በጭንቅ። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«አንተ ልጅ! ፎቁን ምነው ይዘኸው ባልመጣህ? እዚህ ብትተክለው ምንኛ በጸደቅህ ነበር!» ብለው ሳቁ። ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ።

እኔም ልስቅ ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም። ያጠናሁትን ሁሉ አንድ ባንድ ነገርኋቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ጉልበቴ ሊማሊሞን ዳግመኛ አይወጣውም ልጄ» አሉኝ። «እማሆይም ከቤተ ክርስቲያን አይመለሱም። ለማን ነው የምታፈርሰው?»

አናቴን ፀሐይ እየጠበሰኝ ፊታቸው ቆሜ ቀረሁ።

«ምነው ቆምህ? ፀሐይ መታህ እኮ፤ አልለመድኸው» አሉኝ። ዳዊታቸውን ዘጉ፤ በትራቸውን ተደግፈው በጭንቅ ወደ ጎን ፈቀቅ አሉና ግንዱ አጠገብ ቦታ ለቀቁልኝ። «ና፣ እዚህ ግባ።»

እንቢ ማለት ነበረብኝ። ግን የኔታ ናቸው ያዘዙኝ፤ ገብቼ ተቀመጥሁ። ቀና ስል እሳቸው ከትከሻቸው ጀምሮ ውጭ፣ ፀሐዩ ላይ ናቸው። ደባርቅ ላይ ፀሐያቸውን ወስጄ ነበር፤ ዛሪማ ድረስ ወርጄ ጥላቸውን ወሰድሁባቸው።